የቫልግሪንድን ጩኸት በኮከብ ምልክት ማፈን፤ የራሳችንን ባግ ሳንደብቅ

ቫልግሪንድ ፕሮግራም እየሮጠ የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተቶቹን የሚያድን ጎበዝ መሣሪያ ነው። ችግሩ ወሬው መብዛቱ ነው። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፋችሁትን ፕሮግራም ስታስኬዱበት ስክሪኑ በስህተት ሪፖርት ይሞላል። አብዛኛው ደግሞ ከእናንተ ኮድ የመጣ አይደለም። ከሰው ላይብረሪ ነው። ሶርስ ኮዱ እጃችሁ ላይ የለም፤ ስለዚህ ልታስተካክሉት አትችሉም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሪፖርቱን ማንበብ ያቆማል። ለአላፊ አግዳሚውም ለሌባውም እኩል የሚጮህ ውሻ ጆሮ እንደማይሰጠው ማለት ነው። ጉዳቱ ግን መሰላቸት ብቻ አይደለም። ቫልግሪንድ ዓይነታቸው የተለያየ 1000 ስህተቶች ካየ፣ ወይም በጠቅላላው 10,000,000 ስህተት ከቆጠረ፣ አዲስ ስህተት ማሳየቱን ያቆማል። ጯሂው ላይብረሪ ኮታውን ቀድሞ ከጨረሰ የእናንተ ባግ ጭራሽ ላይታይ ይችላል ማለት ነው። ይህን ገደብ የሚያነሳ አማራጭ አለ (--ኤረር-ሊሚት=ኖ)። እሱ ግን ወሬውን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

መፍትሔው የማፈኛ ፋይል ነው። «ይህን የመሰለ ስህተት ስታይ ዝም በል» የሚል ደንብ የሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል። ደንቡ ከአንድ ማሽን አልፎ እንዲሠራ የሚያደርጉት ደግሞ ዋይልድካርዶች (በሌላ ፊደል ወይም መስመር ቦታ የሚቆሙ ምልክቶች) ናቸው። ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኮከብ፣ ጥያቄ ምልክትና ሦስት ነጥብ። ለመማር አሥር ደቂቃ አይፈጁም። የሚከብደው የት እንደሚቀመጡ ማወቅ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የረዘመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹንና ስሞቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ማሽኑ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። አትጨነቁ፤ ከታች እንደምታዩት ደንቡን የሚጽፈው ቫልግሪንድ ራሱ ነው። የእናንተ ሥራ ምልክቶቹን ማስገባት ነው።

ምሳሌው

ከአካባቢያችን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ባቄላውንና ገብሱን የሚያቃጥለው እሱ ነው። እናም የማሳ ሙቀት መለኪያ እያነበበ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም አለን እንበል። ስሙን «ውርጭ» ብለነዋል። የተጻፈው በሲ ነው። መለኪያውን የሚያነበው ግን ዕቃውን የሸጠን ሰው የሰጠን ላይብረሪ ነው። ስሙን «ሊብሴንስ» እንበለው። የመጣው ኮምፓይል ተደርጎ ነው፤ ሶርስ የለውም።

ፕሮግራሙ ሁለት ቦታ ይሠራል። አንዱ ደብረ ብርሃን ያለው ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ነው። ሌላው መንዝ፣ መሐል ሜዳ የተቀመጠ ባለ 32 ቢት ራስቤሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ላይብረሪው ላፕቶፑ ላይ /ዩኤስአር/ሊብ/ ውስጥ ነው ያለው፤ ፓዩ ላይ ደግሞ /ኦፕት/ሴንስ/ ውስጥ። የስሪት ቁጥሩም ይለያያል፤ አንዱ ሊብሴንስ.ኤስኦ.2.1 ነው፣ ሌላው ሊብሴንስ.ኤስኦ.2.3። ዋይልድካርድ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ፦ ለማፈን አትቸኩሉ

ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ልታፍኑት ላሰባችሁት ስህተት ደንብ ቀድሞውኑ ተጽፎለት ሊሆን ይችላል። ቫልግሪንድ ሲጫን ዲፎልት.ሰፕ የሚባል የራሱ ማፈኛ ፋይል ይዞ ይመጣል። ሳትጠይቁት ያነበዋል። ፓይተን ከሶርስ ኮዱ ጋር ለቫልግሪንድ የተዘጋጀ ማፈኛ ፋይል አለው። ጂሊብ የሚባለው ላይብረሪም አለው፤ ኦፕን ኤምፒአይ የሚባለውም እንዲሁ። በእነዚህ የምትሠሩ ከሆነ ከባዶ አትጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ስህተቱ በእርግጥ የእናንተ አለመሆኑን አረጋግጡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የሜሞሪ ሊክ (ተወስዶ ያልተመለሰ ሜሞሪ) ሪፖርት የሚነግራችሁ ሜሞሪው የት እንደተወሰደ ነው። ማን ሊመልሰው እንደሚገባ አይነግራችሁም። ሊብሴንስ ውስጥ «ሴንስ_ኮፒ» የሚባል ፈንክሽን አለ እንበል። የንባቡን ቅጂ ሠርቶ ይሰጣችኋል፤ ስትጨርሱ መመለስ የእናንተ ድርሻ ነው። ካልመለሳችሁት ሪፖርቱ ላይ ከማሎክ (ሜሞሪ የሚወስደው ፈንክሽን) ቀጥሎ የሚታየው ሊብሴንስ ነው። ጥፋቱ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ የላይብረሪውን መመሪያ አንብቡ፤ ማን ፍሪ እንደሚያደርግ፣ ማለትም ሜሞሪውን እንደሚመልስ፣ ሳታውቁ አትፈኑ።

ቀጥሎ፦ ፕሮግራሙን አዘጋጁ

ኮምፓይል ስታደርጉ የዲበግ መረጃ የሚጨምረውን -ጂ አስገቡ። የማሳመር ደረጃውን ወደ -ኦ0 ወይም -ኦ1 አውርዱ። ማሳመሩ ከፍ ሲል ኮምፓይለሩ ትንንሽ ፈንክሽኖችን እርስ በርስ ያዋህዳል፤ ያኔ የጥሪ ሰንሰለቱ (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳየው ዝርዝር) ላይ የነበሩ ስሞች ይጠፋሉ። ይህን ያህል ነው፤ እንለፍ።

ደንቡን ማሽኑ ይጻፈው

አሁን ፕሮግራሙን እንዲህ አስኪዱት፦

ቫልግሪንድ --ሊክ-ቼክ=ፉል --ጄን-ሰፕሬሽንስ=ኦል --ሎግ-ፋይል=ውጤት.ቴክስት ./ውርጭ

ታገሡ። በሜምቼክ (ሜሞሪ በሚፈትሸው የቫልግሪንድ ክፍል) የሚሮጥ ፕሮግራም ከተለመደው ፍጥነቱ ከአሥር እስከ ሠላሳ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። መብራት ሊጠፋ የሚችልበት ሰዓት ከሆነ ላፕቶፑን አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ።

ሲጨርስ ሎግ ፋይሉን ክፈቱ። ተራው ሪፖርት በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ በእኩል ምልክቶች መካከል የተቀመጠ የፕሮሰስ ቁጥር አለው። ከእያንዳንዱ ስህተት በታች ግን ያ ቁጥር የሌለው፣ በቅንፍ የታጠረ ብሎክ ታገኛላችሁ። ደንቡ እሱ ነው። እንዲህ ይመስላል፦

{
   <ስም_እዚህ_አስገባ>
   ሜምቼክ:ሊክ
   ማች-ሊክ-ካይንድስ: ዴፊኒት
   ፈን:ማሎክ
   ኦብጅ:/ዩኤስአር/ሊብ/ሊብሴንስ.ኤስኦ.2.1
   ኦብጅ:/ዩኤስአር/ሊብ/ሊብሴንስ.ኤስኦ.2.1
   ፈን:ሴንስ_ክፈት
   ፈን:መለኪያ_አስጀምር
   ፈን:ሜይን
}

ይህን ብሎክ ገልብጣችሁ «ውርጭ.ሰፕ» በሚል አዲስ ፋይል ውስጥ ለጥፉ። ፋይሉ ውስጥ በ# የሚጀምር መስመር ማስታወሻ ነው፤ ቫልግሪንድ አያነበውም። ከእያንዳንዱ ደንብ በላይ ለምን እንደጻፋችሁትና በየትኛው የላይብረሪ ስሪት እንዳያችሁት አስፍሩ። ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁን የምታመሰግኑበት ነገር ነው።

እያንዳንዱ መስመር ምን ይላል?

የመጀመሪያው መስመር ስም ነው። የፈለጋችሁትን ስጡት፤ ግን ትርጉም ይኑረው። «ሴንስ-ክፈት-ሊክ» ጥሩ ነው። «ሙከራ1» አይረባም፤ ኋላ ላይ የትኛው ደንብ እንደሠራ የምታውቁት በዚህ ስም ነው።

ሁለተኛው መስመር መሣሪያውንና የስህተቱን ዓይነት ይናገራል። ሊክ ማለት ያልተመለሰ ሜሞሪ ነው። ኮንድ ማለት ዋጋ ያልተሰጠው ነገር ላይ ተመሥርቶ የተወሰነ ውሳኔ ነው። አድር8 ማለት የማይፈቀድ ቦታ ላይ ባለ 8 ባይት ንባብ ወይም ጽሕፈት ነው። ፓራም ከሆነ ከሥሩ የሲስተም ጥሪውን የሚናገር ተጨማሪ መስመር ይመጣል፤ ማሽኑ እንደጻፈው ተዉት።

«ማች-ሊክ-ካይንድስ» የሚለውን መስመር አታጥፉት። ያለ እሱ ደንቡ ሁሉንም የሊክ ዓይነት ያፍናል። እርግጠኛ የሆነውንም፣ የሚጠረጠረውንም። መስመሩን ሳይነኩ መተው ከሁሉም የቀለለው ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ በታች ያለው የጥሪ ሰንሰለት ነው። ከላይ ያለው መጨረሻ የተጠራው ነው፤ እየወረደ ወደ ሜይን ይሄዳል። «ፈን» ካለ የፈንክሽን ስም ነው። «ኦብጅ» ካለ ቫልግሪንድ የፈንክሽኑን ስም ስላላገኘ የላይብረሪውን ፋይል ጽፏል ማለት ነው። ሶርስ የሌለው ላይብረሪ ላይ ኦብጅ የሚበዛው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማመሳሰሉ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ የሚቆመውም ደንቡ ያለቀበት ላይ ነው። ደንባችሁ ሦስት መስመር ብቻ ካለው ከዚያ በታች ያለው ሰንሰለት ምንም ይሁን ምን ያልፋል። ስለዚህ ከታች መስመር መቁረጥ ራሱ ደንቡን ማስፋት ነው፤ ምንም ኮከብ ባይኖረውም። ከላይኛው ምሳሌ ሜይንን ብታወጡ ጉዳት የለውም። «ሴንስ_ክፈት»ን ካወጣችሁ ግን ትልቅ በር ከፈታችሁ።

ኮከብ

ኮከብ ማለት ምንም ይሁን፣ ስንትም ይሁን ማለት ነው። ባዶም ጭምር። በፈን መስመርም በኦብጅ መስመርም ይሠራል።

የመጀመሪያ ሥራው የፎልደርና የስሪት ልዩነትን መሻር ነው። ከላይ ያለው መንገድ መሐል ሜዳ ባለው ፓይ ላይ አይሠራም፤ ላይብረሪው ሌላ ቦታ ነውና። እንዲህ ቀይሩት፦

ኦብጅ:*/ሊብሴንስ.ኤስኦ*

እዚህ ያለው ኮከብ አንዳንድ ሰው ከተርሚናል እንደለመደው በፎልደር ድንበር ላይ አይቆምም። ዘንባላውን መስመርም (/) ይውጣል። ስለዚህ አንድ ኮከብ /ዩኤስአር/ሊብንም /ኦፕት/ሴንስንም ይሸፍናል። የመጨረሻው ኮከብ 2.1ንም 2.3ንም ይይዛል።

ዘንባላዋን መስመር ለምን ተውኳት? ኦብጅ:*ሴንስ* ብትሉ ፎልደሩ ውስጥ «ሴንስ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ይገባል። የራሳችሁ ፕሮግራም /ሆም/ሥራ/ሴንስ-ፕሮጀክት/ ውስጥ ከተቀመጠ የራሳችሁን ኮድ በሙሉ አፈናችሁ። ዘንባላዋና «.ኤስኦ» እንደ ወሰን ድንጋይ ያገለግላሉ። አንዷንም አታንሷት።

ሁለተኛው የኮከብ ሥራ የኮምፓይለሩን ጭራ መሻር ነው። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ኮድ ሲያሳምር አንዳንድ ፈንክሽን ስሙ ላይ ጭራ ይቀጥላል፤ «.ኮንስትፕሮፕ.0»፣ «.ኢስራ.0»፣ «.ፓርት.0» እያለ። ዛሬ ይኖራል፤ ነገ በሌላ የኮምፓይለር ስሪት አይኖርም። «ፈን:ንባብ_ለቅም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጭራ የመጣ ቀን ደንቡ ዝም ብሎ መሥራት ያቆማል። «ፈን:ንባብ_ለቅም.*» ብትሉ ደግሞ ጭራ የሌለውን ይስታል፤ ነጥቧ የግድ መኖር አለባትና። «ፈን:ንባብ_ለቅም*» ሁለቱንም ይይዛል። ዋጋው «ንባብ_ለቅም_ሁሉን» የሚባል ሌላ ፈንክሽን ካለ እሱንም መያዙ ነው። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሁለት ጠባብ ደንብ ጻፉ፤ አንዱ ያለ ጭራ፣ አንዱ በነጥብና በኮከብ። እኔ ሁለት ጠባብ ደንብ ከአንድ ሰፊ ደንብ ይሻላል ባይ ነኝ። ፋይሉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ሦስተኛው የሜሞሪ መውሰጃዎቹን መጠቅለል ነው። «ፈን:*አሎክ» ካላችሁ ማሎክን፣ ካሎክንና ሪአሎክን በአንድ መስመር ይይዛል፤ ሦስቱም የሚያልቁት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ላይብረሪው በአንዱ ስሪት ማሎክን፣ በሌላው ካሎክን ከተጠቀመ ይጠቅማል። ፖሲክስ_ሜምአላይን ግን አያልቅበትም፤ እሱ የራሱን መስመር ይፈልጋል።

ጥያቄ ምልክት

ጥያቄ ምልክት አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚተካው። አንድ፤ ባዶ አይሆንም፣ ሁለትም አይሆንም። ብዙ ሰው ይረሳታል። የምትደምቅበት ቦታ ግን አለ፤ ሲ ፕላስ ፕላስ።

ሲ ፕላስ ፕላስ ፈንክሽኖችን የሚያስቀምጠው እናንተ በጻፋችሁት ስም አይደለም፤ ጠቅልሎ ነው። ደንቡ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ የተጠቀለለው ስም ነው። ተራው ሪፖርት ስሙን ፈትቶ ስለሚያሳይ ከሪፖርቱ ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ደንቡ አልሠራ ሲለው ግራ ይጋባል። ጄን-ሰፕሬሽንስ ትክክለኛውን ይጽፍላችኋል። በእጅ መጻፍ ካለባችሁ --ዲማንግል=ኖ ብላችሁ አስኪዱ፤ ሪፖርቱ ስሞቹን ሳይፈታ ያሳያል።

ለምሳሌ ሜሞሪ የሚወስደው «ኒው» የሚለው ኦፕሬተር ባለ 64 ቢቱ ላፕቶፕ ላይ _ዝንውም ይባላል (ፊደል በፊደል ነው ያስቀመጥኩት)። ባለ 32 ቢቱ ፓይ ላይ ግን _ዝንውጅ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል የመጠኑን ዓይነት ነው የምትናገረው፤ ሁለቱ ማሽኖች ደግሞ በዚህ ይለያያሉ። እዚህ ላይ «ፈን:_ዝንው?» ብሎ መጻፍ ነው። ደብረ ብርሃንም መሐል ሜዳም ይሠራል፤ ሌላ ነገርም አያስገባም። ኮከብ ብታደርጉ ተጨማሪ መለኪያ የሚቀበሉትን ሌሎቹን የኒው ዓይነቶችም ያስገባል።

ሦስት ነጥብ፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

ሦስት ነጥብ ብቻውን በአንድ መስመር ይቆማል። ትርጉሙ «እዚህ መሐል ስንትም ጥሪ ይኑር፣ የማንም ይሁን» ነው። ዜሮም ሊሆን ይችላል። ኮከብ የሚሠራው በአንድ መስመር ውስጥ ነው፤ ሦስት ነጥብ መስመሮቹን በሙሉ ነው የሚውጠው።

የሚያስፈልገው የሰንሰለቱ ርዝመት ሲለዋወጥ ነው። ሊብሴንስ 2.1 ውስጥ ከ«ሴንስ_ክፈት» እስከ ማሎክ ሁለት ጥሪ አለ። 2.3 ውስጥ አራት ሆኗል። ያለ ሦስት ነጥብ ለእያንዳንዱ ስሪት ደንብ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚጽፈው ደንብ ይህ ነው፦

{
   ሴንስ-ሁሉም
   ሜምቼክ:ሊክ
   ፈን:*አሎክ
   ...
   ኦብጅ:*/ሊብሴንስ.ኤስኦ*
}

ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ይህን ጽፎ «ጋሼ፣ ዜሮ ስህተት አደረስኩት!» ሲል ደስታው ያሳዝናል። ዜሮ የሆነው ለምን እንደሆነ እንይ።

ሊብሴንስ አዲስ ንባብ ሲመጣ የእናንተን ፈንክሽን መልሶ ይጠራል፤ ኮልባክ የሚባለው ነው። ስሙን «ሙቀት_መጣ» እንበለው። በውስጡ ማሎክ አድርጋችሁ ፍሪ ማድረግ ረሳችሁ። ሰንሰለቱ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይሆናል፦ ማሎክ፣ ሙቀት_መጣ፣ ሊብሴንስ፣ ሊብሴንስ፣ ሴንስ_ሩጥ፣ ሜይን። ደንቡ ማሎክን አገኘ። ሦስት ነጥቡ «ሙቀት_መጣ»ን ዋጠ። ቀጥሎ ሊብሴንስ አለ፤ ተስማማ። የእናንተ ሊክ ታፈነ። በየደቂቃው የሚፈስ ሊክ ነው፤ ፓዩ ሜሞሪው አልቆ የሚቆመው ውርጩ በሚወርድበት ሌሊት እንዳይሆን ነው እንግዲህ።

መፍትሔው ሦስት ነጥቡን ከላይም ከታችም መንከስ፣ ማለትም በታወቀ መስመር ማጠር ነው፦

{
   ሴንስ-ክፈት-ሊክ
   ሜምቼክ:ሊክ
   ማች-ሊክ-ካይንድስ: ዴፊኒት
   ፈን:*አሎክ
   ኦብጅ:*/ሊብሴንስ.ኤስኦ*
   ...
   ፈን:ሴንስ_ክፈት
}

ከማሎክ ቀጥሎ፣ መሐሉ ላይ ሦስት ነጥብ ሳይገባ፣ ሊብሴንስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ «ሙቀት_መጣ» ራሱ ማሎክ ካደረገ አያልፍም። ከታች ደግሞ «ሴንስ_ክፈት» አለ። እሱ ለምን አስፈለገ? ቅድም ያነሳነውን «ሴንስ_ኮፒ»ን አስታውሱ። እሱ የወሰደውን ሜሞሪ መመለስ የእኛ ሥራ ነበር። ሰንሰለቱ ማሎክ፣ ሊብሴንስ፣ ከዚያ የእኛ ኮድ ነው። የታችኛው ንክሻ ባይኖር ይህም ይታፈን ነበር። «ሴንስ_ክፈት» የሚጠራው አንዴ ስንጀምር ነው፤ የላይብረሪው የታወቀ ሊክም እዚያ ነው ያለው። ደንቡ ከዚያ ሰፈር አይወጣም።

ላይብረሪው ማሎክን በቀጥታ ሳይሆን የጽሑፍ ቅጂ በሚሠራው የሲ ላይብረሪ ፈንክሽን፣ በስትርዱፕ በኩል ቢጠራውስ? ያኔ ማሎክና ሊብሴንስ መካከል «ፈን:ስትርዱፕ» ይገባል። ሦስት ነጥብ አታስገቡ። ይህችን አንድ መስመር የጨመረ ሌላ ደንብ ጻፉ።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አሉ። በሦስት ነጥብ የሚያልቅ ደንብ ትርጉም የለውም፤ ከታች ያለው ያለዚያም አይታይም። ሦስት ነጥብ ብቻ የያዘ ደንብ ቫልግሪንድ አይቀበልም፤ ቢያንስ አንድ እውነተኛ መስመር ይጠይቃል። አንድ ደንብ ከ24 በላይ የሰንሰለት መስመር ሊይዝ አይችልም። የምትነክሱት ፈንክሽን ሰንሰለቱ ውስጥ ርቆ ከሆነም ተጠንቀቁ። ቫልግሪንድ ካልነገራችሁት 12 ጥሪ ብቻ ነው የሚይዘው። «ሴንስ_ክፈት» አሥራ አምስተኛው ላይ ካለ ደንባችሁ በፍጹም አይገጥምም። --ነም-ኮለርስ=30 ብላችሁ አስፉት።

ማሽኑ ራሱ ኮከብ ሲጽፍ

አንዳንዴ ጄን-ሰፕሬሽንስ የሚያወጣው ብሎክ ውስጥ «ኦብጅ:*» የሚል መስመር ታያላችሁ። ቫልግሪንድ የፈንክሽኑንም የፋይሉንም ስም አላወቀም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፕሮግራሙ እየሮጠ ከተጫነና ፕሮግራሙ ከማለቁ በፊት በዲኤልክሎዝ ከተነቀለ ላይብረሪ ነው። እንዳለ አትውሰዱት። --ኪፕ-ዲበግኢንፎ=የስ ብላችሁ ደግማችሁ አስኪዱ፤ ስሞቹ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ።

ፋይሉን ማስጫን

ቫልግሪንድ --ሊክ-ቼክ=ፉል --ሰፕሬሽንስ=ውርጭ.ሰፕ ./ውርጭ

አማራጩን ደጋግሞ መጻፍ ይቻላል፤ እስከ 100 ፋይል ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ላይብረሪ የተለየ ፋይል መያዝ ይሻላል። በየጊዜው መጻፉ ከሰለቻችሁ በሥራ ፎልደሩ ውስጥ .ቫልግሪንድአርሲ የሚባል ፋይል ፈጥራችሁ አማራጮቹን እዚያ አስቀምጡ። ፋይሉ የእናንተ መሆን አለበት፤ ማንም እንዲጽፍበት የተፈቀደ ከሆነ ቫልግሪንድ አልፎት ይሄዳል።

ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ ሰርቨር ካላችሁ --ኤረር-ኤግዚትኮድ=1 ጨምሩ። ያልታፈነ ስህተት ሲገኝ ፍተሻው ይወድቃል።

ሆን ብላችሁ ባግ ትከሉ

ደንቡ ያፈነው የሚገባውን ብቻ መሆኑን የምታውቁት በመሞከር ነው። ኮዱ ውስጥ ሦስት ቦታ ሆን ብላችሁ ሊክ ጨምሩ። አንዱን ተራ ፈንክሽን ውስጥ፤ ማሎክ 64 ብላችሁ ተዉት። ሁለተኛውን ኮልባኩ፣ «ሙቀት_መጣ» ውስጥ። ሦስተኛው፣ «ሴንስ_ኮፒ»ን ጠርታችሁ አትመልሱት። መጠኖቹን ለየት አድርጉ፤ 64፣ 96፣ 128 ሲሆን ሪፖርቱ ላይ በቁጥራቸው ትለያቸዋላችሁ። የ«ሴንስ_ኮፒ»ን መጠን መምረጥ ካልቻላችሁ በቦታው ለዩት።

አስኪዱት። ሦስቱም መታየት አለባቸው። አንዱ ከጠፋ ደንባችሁ ሰፍቷል። የጠፋው የኮልባኩ ከሆነ የላይኛው ንክሻ ላልቷል፤ የኮፒው ከሆነ የታችኛው። ይህን ስትጨርሱ የተከላችሁትን ነቅላችሁ ጣሉ። የተተከለ ባግ ወደ ዋናው ኮድ አብሮ የገባበት ጊዜ አለና በተለየ ብራንች ላይ ብትሠሩት ይመረጣል።

የሞቱ ደንቦችን መልቀም

በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ሰፕረስድ» ከሚለው ቃል አጠገብ ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ስንት ስህተት እንደታፈነ ነው፤ ሁለተኛው ከስንት የተለያየ ቦታ እንደመጣ። ከሥራ ፎልደሩ ምንም ሳትለውጡ ይህ ቁጥር በድንገት ቢያድግ አንድ ደንብ ያልታሰበ ነገር መዋጥ ጀምሯል ማለት ነው። ሊክ ሰመሪ (የሊክ ማጠቃለያው) ውስጥም የታፈነው በባይት ይታያል። እኔ ከስህተት ብዛት ይልቅ ይህን የባይት ቁጥር ነው የማምነው። ሲጀመር አንዴ የሚፈጠር ሊክ ፕሮግራሙ አንድ ሰዓትም ይሩጥ አንድ ቀን እኩል ነው። ከጊዜ ጋር የሚያድግ ከሆነ የላይብረሪው ሊክ ነው ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ሌላ ነው።

የትኛው ደንብ ስንት ጊዜ እንደሠራ ለማየት -ኤስ ጨምሩ፤ ከ3.15 ስሪት ጀምሮ አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት -ቪ ያሳያል። ዝርዝሩ የደንቡን ስም፣ ፋይሉንና የመስመር ቁጥሩን ይሰጣል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ደንብ አልሠራም። ግን አንድ ማሽን ላይ ብቻ አይታችሁ አትሰርዙት፤ ደብረ ብርሃን ያልሠራው መሐል ሜዳ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቦታ ካልሠራ ሰርዙት። የሞተ ደንብ ባዶ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ነገ የእናንተን ባግ ሊገጥም የሚጠብቅ ወጥመድ ነው።

በሊክ ሳኒታይዘር ለምትሠሩ

ከቫልግሪንድ ይልቅ ሊክ የሚፈልገውን ሌላውን ፈጣን መሣሪያ፣ ሊክ ሳኒታይዘርን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ አጻጻፉ በጣም አጭር ነው። በአንድ መስመር «ሊክ:ሊብሴንስ.ኤስኦ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ፋይሉን የምታሳዩት ኤልሳን_ኦፕሽንስ በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ነው። ኮከብ እዚህም ይሠራል፤ ኮከብ ባታስገቡም ቃሉ በስሙ ውስጥ የትም ቢገኝ ይገጥማል። የስሙን መጀመሪያና መጨረሻ ለመንከስ ^ እና $ አሉ።

ማጠሩ ግን ዋጋ አለው። ቃሉ ከሰንሰለቱ በየትኛውም ጥሪ ላይ ከተገኘ ሊኩ ይታፈናል። ከላይ ያየነው የኮልባክ ችግር እዚህ ከመጀመሪያው አብሮ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ከላይና ከታች የመንከሻ መንገድ የለም። ስለዚህ የላይብረሪውን ስም አትጻፉ። ሊኩ የሚፈጠርበትን የውስጥ ፈንክሽን ስም ጻፉ፤ «ሊክ:^ሴንስ_ክፈት$» እንደ ማለት። ኮልባክ የሚጠራ ፈንክሽን ከሆነ በሊክ ሳኒታይዘር አትፈኑት፤ ለዚያ ፍተሻ ወደ ቫልግሪንድ ተመለሱ።

ላይብረሪው አዲስ ስሪት ሲመጣ

ሻጩ ሊብሴንስ 2.4ን በላከ ቀን መጀመሪያ ያለ ማፈኛ ፋይሉ አንዴ አስኪዱ። ሊኩን አስተካክለውት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደንቡ ይሰረዛል። ካላስተካከሉት የቫልግሪንዱን ሪፖርት ከነሰንሰለቱ ላኩላቸው፤ እነሱ የዲበግ መረጃ ያለው ላይብረሪ ስላላቸው ከኦብጅ መስመሮቹ ጀርባ የትኛው ፈንክሽን እንዳለ ያውቃሉ። ከዚያ ፋይሉን መልሳችሁ አስገቡና በ-ኤስ እዩት፤ ማስታወሻው ላይ ያለውን የስሪት ቁጥርም አድሱ።